የግራው ስፒከር

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አለ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ።

«አይንቀጠቀጥም።»

«ሙጫው ይመሰክርብሻላ! ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊና አንዴ አዙሪው። መሃል ላይ ከቆምሽ ይጎረብጣል።»

ሽቦ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ብሩሹን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ አዞረች። ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኪሷ ከቁርጥራጭ ሽቦ ጸድቶ ስለማያውቅ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳም ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት በዚሁ ስም ነው።

ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተኛው የግራው ስፒከር ነው። የቀኙ ጤነኛ ስለሆነ ግድግዳውን ተደግፎ ወንድሙን የሚጠብቅ ይመስላል። ሁለቱም ከእሷ በዕድሜ ይበልጣሉ። አባቷ ወንደላጤ ሳለ ከአንድ የተዘጋ ጭፈራ ቤት ጓሮ፣ ዝናብ ሲወርድባቸው አግኝቷቸው፣ አንድ በአንድ በጀርባው ተሸክሞ ነው ያመጣቸው። ሳጥናቸው እውነተኛ ጣውላ ነው፤ የሰው ወገብ ይሰብራል። አባቷ ስለ እነሱ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ እንደዚያ ሲለሰልስ ሰምታው አታውቅም።

ብሩሹን አስቀምጣ የጎማውን ቀለበት አነሳች። የስፒከሩ ወረቀት እንደ ልቡ እንዲርገበገብ ዙሪያውን የሚይዘው ይኸው ስስ ጎማ ነው፤ እሱ ከተቀደደ ድምፁ ይንሿሿል። አዲስ የሚባል ስለማይገኝለት ካረጀ ብጤው ላይ መላጥ ግድ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከቁራሌዎች ግቢ አገኙት። አገኙት ከተባለ።

እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በዛጉ አልጋዎችና በተጨማደዱ የመኪና በሮች መሃል፣ አንድ ቁራሌ ልክ እንደ እነሱ ያለ ስፒከር በጉልበቶቹ መሃል ይዞ በመዶሻ ሊፈልጠው ነበር። የፈለገው ማግኔቱን ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! አትምታው!» አባቷ ሮጠ።

«ምነው ጌታው፣ ዘመድዎ ነው እንዴ?» ቁራሌው ሳቀ። «የአይጥ ቤት እኮ ነው!» ቀልዱ ራሱን ስላሳቀው መዶሻውን ይበልጥ ከፍ አደረገ።

አባቷ በቴስታ መታው። እርግጫ የለ፣ ስድብ የለ፤ ግንባሩ ብቻ ወደ ፊት ተወረወረና የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቁራሌው አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየሾለከ ጎማው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አባቷ መዶሻውን አንስቶ አጥር ማዶ ወረወረው። ከዚያ ስፒከሩን እንደ ሕፃን አቅፎ «ነይ ሽቦ፣ እንሂድ» አላት። ሌሎቹ ቁራሌዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አንድም ሰው አልተከተላቸውም።

መንገድ ላይ ያፏጭ ነበር።

«ለምን መታኸው?» አለችው።

«መዶሻ ይዞ አላየሽም?»

«ሊመታ የነበረው እኮ ስፒከሩን ነው። አንተን አይደለም።»

«ያው ነው» አለና ማፏጨቱን ቀጠለ።

ቤት ገብታ ቀለበቱን በአልኮል እያራሰች ከወረቀቱ ላይ ስትልጥ ጥጡ መጀመሪያ ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ነጭ።

አሁን ያንኑ ቀለበት በሙጫው ላይ አሳረፈችው። በጣቶቿ ዙሪያውን እየተከተለች ጫን ጫን አደረገችው።

«ወረቀቱን ግፊው እስቲ» አለ አባቷ። «ቀስ ብለሽ። ከሥር የሚፋቅ ነገር አለ?»

በሁለት ጣቷ ገፋችው። ጸጥ ብሎ ገባ፤ ጸጥ ብሎ ወጣ።

«የለም።»

«ጎበዝ! እጅሽ ቁርጥ የኔ ነው» ብሎ ራሷን ዳበሳት። ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ቀና ብላ አላየችውም።

«ሲደርቅ ሳጥኑ ውስጥ መልሺውና ገመዱን በይጂው። ከሰዓት እንሰማዋለን» ብሏት ወጣ።

ስፒከሩ እንዴት እንደተቀደደ ለሰው ተወርቶ አያውቅም። አባቷ እናቷን ከመምታቱ በፊት ሙዚቃ ይከፍታል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ቁልፉ ወደ ቀኝ ይዞራል። መስኮቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ በእጇ የያዘችውን ታስቀምጥና ጉትቻዋን ታወልቃለች፤ አንድ ጊዜ ጆሮዋ ተቀዷል። ከዚያ በኋላ ጎረቤት የሚሰማው ዘፈን ብቻ ነው። «እናንተ ቤት ዛሬም ደርቷል!» ይላል በደጅ የሚያልፍ ሰው።

ዝናቡ የጀመረ ሰሞን ግን ቁልፉን ከልክ በላይ አዞረው። የግራው ስፒከር ጓ ብሎ ተቀደደ፤ የአምፕሊፋየሩ ፊውዝም አብሮ ተቃጠለ። ሙዚቃው ቆመ። እጁ ግን አልቆመም። የእናቷ ጩኸት ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፈን ሳይለብስ ወደ ግቢው ወጣ። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ መጥታ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

«ኧረ ክፈቱ! ሰው ልትገድሉ ነው?»

«ምንም የለም እትዬ፤ ዕቃ ወድቆ ነው» አላት አባቷ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«ዕቃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኡኡ የሚለው?»

ፊውዙን ቢቀይርም የቀኙ ስፒከር ብቻውን መስኮት አያንቀጠቅጥም። ከዚያ ወዲህ እናቷን አልነካም። ብርጭቆ ሰብሯል፤ የቁም ሣጥኑን በር በቡጢ በስቷል፤ የሽቦን ወንበር ግድግዳ ላይ ፈጥፍጦታል። እናቷን ግን አልነካም። ጠዋት ማታ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ስፒከሩ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ሽቦ መበየጃውን እያጋለች ያሰላሰለችው ይህንን ነው። አልችልም ብትለው ለሌላ ጠጋኝ ይወስደዋል። ቀለበቱን ብትቀደው ሌላ ፍለጋ ይወጣል፤ ሌላ ቁራሌ፣ ሌላ አፍንጫ። ደግሞም፣ ለማንም አትናገረው እንጂ፣ ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ሲዘፍኑ መስማት ፈልጋለች። ይህ ምን ዓይነት ልጅ ያደርጋታል?

ከስፒከሩ ጀርባ ሁለት ገመዶች ይገባሉ፤ ቀይና ጥቁር። ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ በየደችው።

እንዲህ ሲገጠም አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ወፍራሙ ድምፅ ክፍሉ መሃል ላይ ይጠፋፋል። ለዓይን ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የሚቀረው ግን መስኮት የማያንቀጠቅጥ፣ የሰው ጩኸት የማይሸፍን ስስ ድምፅ ነው። የማያውቅ ሰው እርጅና ነው ይላል።

ከሰዓት አባቷ ወንበሩን በሁለቱ ስፒከሮች መሃል አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ዘፈኑ ጀመረ። አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፤ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገ።

«ሆዱ የት ገባ? ወፍራሙ ድምፅ!»

«ሼባ ሆኗል መሰለኝ» አለች ሽቦ።

አልሳቀም። ተነስቶ የግራውን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ነቀለ። ከመሳቢያው የባትሪ ድንጋይ አወጣና የገመዱን ጫፎች በድንጋዩ ሁለት ጫፎች ነካ አደረጋቸው። ትክክል ቢሆን ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ማለት ነበረበት። ወደ ውስጥ ሰመጠ። ደግሞ ነካው። ደግሞ ሰመጠ።

ይህን ፈተና ያስተማራት እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንኳ ሳትደርስ ጭኑ ላይ አስቀምጧት፣ ወረቀቱ ብቅ ባለ ቁጥር «ተነፈሰ! ተነፈሰ!» እያለች ትስቅ ነበር።

«ረስተሽ ነው?» አላት።

«ረስቼ ነው።»

«አንቺ?» ፈገግ አለ። «አንቺ ይሄን አትረሺም።»

ጥፊውን አላየችውም። ወለሉን ነው ያየችው፤ ከዚያ የወንበሩን እግር። ጆሮዋ ውስጥ ረጅም ፉጨት ጀመረ። እሷን ከዚህ በፊት መትቷት አያውቅም ነበር። እናቷን ሲመታ እንኳ «ልጄን ግን» ይል ነበር፤ «ልጄን የነካ ወየውለት።»

«ተነሽና አስተካክዪው።»

አስተካከለችው። ከንፈሯ ተሰንጥቆ የብረት ጣዕም አፏን ሞላው። መበየጃው ሁለት ጊዜ ጣቷን አቃጠላት። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ይተነፍሳል። ስትጨርስ ገመዱን ራሱ ሰካና ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞረው።

ሆዱ ተመለሰ። ከበሮው ከወለሉ ተነስቶ በእግሯ ወደ ደረቷ ወጣ። መስኮቱ ይርገፈገፍ ጀመር። እንደዚያ የሚያምር ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። በተከፈተው የወጥ ቤት በር በኩል ሽቦ እናቷን አየቻት። ድስቱን አስቀመጠች። እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ።

«አንቺ ነሽ የመከርሻት!» አለ አባቷ ወደዚያ እየሄደ። «ልጄን በእኔ ላይ አስነሳሻት!»

ከዚህ በኋላ ያለውን ሽቦ አየችው እንጂ አልሰማችውም። የእናቷ ፀጉር በአባቷ ጭብጥ ውስጥ ነው። ጭንቅላቷ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጨ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ተጋጨ። አፏ ተከፍቷል። ከአፏ ግን የሚወጣው ከበሮና ጊታር ነበር። ሽቦ በገዛ እጇ የጠገነችው ዘፈን።

ተንደርድራ ገመዶቹን በጭብጧ ይዛ ከነሥራቸው በጠሰቻቸው።

ቤቱ በአንዴ ባዶ ሆነ። በባዶው ውስጥ የእናቷ ጩኸት ብቻውን ቀረ፤ በመስኮቱ ወጣ፤ ግድግዳውን ተሻገረ። አባቷ ዞር አለ። ፊቱ ላይ ንዴት ብቻ ሳይሆን ድንጋጤም ነበር፤ ልብሱን መንገድ ላይ እንደገፈፉት ሰው። በረጃጅም እርምጃ መጣና የግራውን ስፒከር ከነሳጥኑ ከመሬት አነሳው። ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው።

«አባባ!» አለች።

ወረወረው። ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች። ሳጥኑ ክንዷ ላይ አርፎ ወለሉ ላይ ተሰነጣጠቀ። እጇን ስታየው ከአንጓዋ በላይ መታጠፍ በማይገባው ቦታ ታጥፏል። ያኔ ነው በሩ መደብደብ የጀመረው፤ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ፣ ከእሷም ጋር ሌሎች ድምፆች።

ወደ ክሊኒክ አቅፎ የወሰዳት አባቷ ነው። እያለቀሰ፣ «ልጄን! ልጄን!» እያለ። ልብስ ሰፊዋ እናቷን ደግፋ፣ እሱን ሳታነጋግረው ተከትላቸው መጣችና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የሽቦን ክንድ ከጣውላ ጋር አስራላት ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

«ምን ሆና ነው?»

«ስፒከር ስትጠግን ከመደርደሪያ ላይ ወድቆባት ነው» አለ አባቷ። «የድሮ ዕቃ ነው፣ ዶክተር፤ ከባድ ነው። ተይው ብያት ነበር፤ ልጅ አይሰማ!»

ሐኪሟ እናቷን አየቻት። እናቷ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ ጥግ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አዎ» አለች እናቷ ወለሉን እያየች። «ወድቆባት ነው።»

ሐኪሟ መጻፍ ጀምራ አቆመች። የሽቦ ጉንጭ ላይ የቀሩትን የጣት ምልክቶች አየች። ከዚያ የእናቷን ነጠላ።

«እስቲ እሷ ትንገረኝ።»

ከውጭ የሰው እግርና የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል። አባቷ አጎንብሶ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለ፤ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ሽቦዬ፣ ግድ የለም፣ ሳጥኑን እናድነዋለን። አዲስ ጣውላ ፈልገን እንሠራዋለን። እኔና አንቺ።»

እውነቱን ነው። ነገ ጣውላ ይዞላት ይመጣል። አብረው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፤ ጎበዝ ይላታል። እሷም ደስ ይላታል። የከበዳት ይህ ነበር፤ ከክንዷ ይልቅ።

«መጀመሪያ» አለች ሽቦ ለሐኪሟ፣ «አባባ ውጭ ይጠብቅልኝ።»

«ምን?» አባቷ ሊስቅ ሞከረ። «ምን ማለት ነው እሱ?»

ሐኪሟ ተነስታ በሩን ከፈተችለትና መያዣውን እንደያዘች ጠበቀች። አባቷ ሽቦን አያት፤ ሐኪሟን አያት፤ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠችውን ልብስ ሰፊ አያት። ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ እናቷ ጉልበቷን ጨበጠቻት። «ልጄ፣ ቀስ ብለሽ» አለች። «ይሰማል።»

«ሳጥኑ አልወደቀም» አለች ሽቦ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።