ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው

ከሁሉ በፊት ይህ በደል ይታወቅልኝ፤ የልጅ ልጄ ጽዮን ለክሊኒኩ የጻፈችውን ሕግ ቆርጠው ጣሉት፣ ከዚያ እዚያው ክሊኒክ ተራዋን ስትጠብቅ ሞተች። ቀጥሎ የምነግራችሁን እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር፣ የሙት መንፈስ ወሬ ይዘው የሚመጡትን ከሱቄ ሳባርር የኖርኩ ሴት ነኝ።

ከሚሌኒየሙ ወዲህ ነው፣ ጽዮን እዚሁ ሀዋሳ ኮምፒውተር ተምራ ነበር፣ መናኸሪያ አካባቢ ያለ ክሊኒክ በሽተኛ የሚጠራ ማሽን እንዲሠሩለት እሷንና አንድ መሐንዲስ ቀጠረ። እሷ ታዲያ ማሽኑ ከመሠራቱ በፊት ሕጉን በሂሳብ ምልክት ትጽፋለች፣ የሳሎኔ ግድግዳ ላይ፣ በጠመኔ።

"ይሄ የተገለበጠው ኤ ምንድን ነው?" አልኳት።

"'ለእያንዳንዱ' ማለት ነው፣ አያቴ። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው የሚጠራበት ጊዜ አለ።"

"ይሄማ የቦኖ ሕግ ነው፣ ለዚህ ነው ግድግዳዬን ያበላሸሽው?"

"ካንቺው ነው የሰረቅኩት" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው፣ ከሰፈሩ ቦኖ ውሃ ስንቀዳ ለቅሶ ያለባትን ሴት እናስቀድማለን፣ ከእሷ ቀጥሎ ግን ጄሪካኑን ቀድሞ የደረደረ ይቀዳል፣ ያለዚያ ደካማው ባዶውን ይመለሳል።

መሐንዲሱ "ድንገተኛ ይቅደም፣ ሌላው ትርፍ ነው" ብሎ 'ለእያንዳንዱ' የሚለውን መስመር ከማሽኑ አወጣው። በኋላ ጽዮንን ሆዷን አመማት፣ "ቁርጠት" ብለው መዘገቧት፣ ድንገተኛ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ወደ ኋላ ገፋት፣ የካርድ ክፍሉን መስኮት ብደበድብ "የሚጠራው ማሽኑ ነው፣ እማማ" አሉኝ። አንጀቷ ፈንድቶ ኖሯል፣ ትከሻዬን እንደተደገፈች ቀረች።

በለቅሶው ሰሞን ሳሎን ውስጥ ጠመኔ ሲፋቅ እሰማ ነበር፣ አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። ከአርባዋ በኋላ መሐንዲሱን ልሟገተው ክሊኒኩ ሄድኩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቀው ያው የጠመኔ ድምፅ ከጀርባዬ መጣ፣ ዞር ብል ባዶ ግድግዳ ነው፣ ከዚያ ማሽኑ ጠራ፣ የጽዮንን ስም፣ ከነአባቷ።

ልጅ ያዘለች ሴት ጎኔን ነካ አድርጋ "እማማ፣ እርስዎን አይደል የሚጠራው?" አለችኝ፣ እመኑኝ፣ እሷም ሰምታለች። ተነስቼ የምርመራ ክፍሉን ከፈትኩት፣ ሰው የለም፣ የአልጋው አንሶላ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዶ ነበር።

መሐንዲሱ ሲመጣ ክርክሬን ረሳሁት።

"ሕጓን መለስክላት?" አልኩት።

ማሽኑን ከፍቶ ብዙ አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

"አልመለስኩትም፣ እማማ። ያለ እሷ ሕግ ይሄ ማሽን ወደ ኋላ የቀረ ሰው መጥራት አያውቅም።"