በካርታው ላይ ያልነበረው ጉድጓድ

ማካሪዮ ቲዩል በፔቴን ጫካ፣ ከአንድ ጥንታዊ ጉብታ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። መርማሪዋ ኦዲሊያ ቹን ከፍሎሬስ ስትደርስ በሸራ ሸፍነውታል። ሬሳ ማየት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ምንም ነገር መሰማቱ ከቀረባት ቆይቷል። ሸራውን ገለጠች። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል።

ማካሪዮ በጫካው ያለውን ጥንታዊ ከተማ የሚያጠና ቡድን ሰፈር ዘበኛ ነበር። በዚያ ሳምንት አብረውት የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ምግብ አብሳይዋ እህቱ ፈርሚና፣ መንገድ መሪውና አበልጁ አቤሊኖ ኢካል፣ ከዋና ከተማ የመጣው የካርታ ባለሙያ ሊሳንድሮ።

ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ፈርሚና ወንድሟ ቁርስ በልቶ ለጥበቃ እንደወጣ አልተመለሰም አለች። ሊሳንድሮ ከኮምፒውተሩ አልተነሳሁም አለ። አቤሊኖም ወጥመድ ሳይ ነበርኩ ካለ በኋላ፣

«የድሮ ሌቦች ጉድጓድ ነው፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቅጠል ሸፍኖት ሳያየው ገባበት» አላት።

ኦዲሊያ ወደ ሊሳንድሮ ተመለሰች። በየካቲት አውሮፕላን በጫካው ላይ እየበረረ በሌዘር ጨረር መሬቱን ለክቶ ነበር። በካርታው ላይ ዛፉ ሁሉ ተገፎ የጥንቱ ከተማ ተዘርግቷል።

«የሌቦች ጉድጓድ ይታያል?»

«ክንድ የማይሞላው ሳይቀር።»

«ማካሪዮ የሞተበትን አሳየኝ።»

ሊሳንድሮ ቦታውን በጣቱ አሳያት። በካርታው ላይ ልሙጥ ነበር፤ ጉድጓድ የለበትም።

ሦስቱን በወጥ ቤቱ ዳስ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«በግንባሩ የወደቀ ሰው ራስ ቅሉ ከኋላ አይሰበርም። ስለዚህ ተመቷል» አለች። «ጉድጓዱ በየካቲት አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ነው። አዲስ መሆኑን የደበቀው፣ የቆፈረው ሰው ነው። ካርታ ማንበብ የሚያውቅ እንዲህ አይዋሽም፤ ካርታው እንደሚያጋልጠው ያውቃላ። አቤሊኖ፣ የት እንደምትቆፍር ማን ነገረህ?»

ሊሳንድሮ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ። ጉብታውን በካርታው ላይ አሳየሁት። ንጉሥ ተቀብሮበት ይሆናል አልኩት።»

አቤሊኖ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ በዝግታ ተናገረ። «ማካሪዮ ስቆፍር ደረሰብኝ። አበልጄ፣ ዝም በለኝ ብዬ ለመንኩት። እናገራለሁ ብሎ ፊቱን አዞረ። አካፋው እጄ ላይ ነበር።»

ፈርሚና አላለቀሰችም። «ከጉድጓዱ ምን አገኘህ?» አለችው።

«ምንም። ድንጋይ ብቻ።»

«ልጅህ የክርስትና አባቴ ለምን ሞተ ሲለኝ፣ ለድንጋይ ብዬ እነግረዋለሁ።»

ኦዲሊያ ካቴናውን ስታወጣ አቤሊኖ ሳትጠይቀው እጆቹን ዘረጋላት።