ከዝርዝሩ አልወጣም ያለው ላፕቶፕ

እኔ ጂን ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚለኝን ሰው «እንቅልፍህን ተኛ» ብዬ የምሸኝ ነኝ፣ ደሴ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ልጅ ምን ዓይነት ደረቅ ነሽ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ስትሰሙ «መሲም ጀመራት» እንዳትሉብኝ፣ እኔ ራሴ ገና አላመንኩትም፣ ግን ሆኗል፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ኮምቦልቻ ላይ፣ ያውም ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ።

የምሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኮምፒውተር ክፍል ነው። ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስለሆነ ጠዋት ጃኬቴን ደርቤ በሚኒባስ እወርዳለሁ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱን የት እንደምጥለው ይጠፋኛል። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሰይድ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፣ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ሳያሳፍሩኝ፣ ባበላሸሁ ቁጥር «አብሽሪ ልጄ፣ ይስተካከላል» እያሉ ለወግ አበቁኝ። አብሽሪ እኛ አገር አይዞሽ ማለት ነው፣ ከጋሼ ሰይድ አፍ ሲወጣ ግን የምር ያሳርፍ ነበር። ከዛሬ ሰባት ወር በፊት ደህና ውለው፣ ዒሻ ሰግደው ተኙ፣ በዚያው ቀሩ። እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው፣ አሁንም ሳነሳቸው እንባዬ ይቀድመኛል።

ጋሼ ሰይድ ማታ ማታ ቤታቸው ሆነው መንዙማ ያዜሙና በሥራ ላፕቶፓቸው ይቀዱት ነበር። ሲሞቱ ሥራ አስኪያጁ ላፕቶፑ ለቤተሰባቸው ይሰጥ ብሎ ፈቀደ፣ ችግሩ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ተቆልፏል፣ አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ካልገባለት አይከፈትም፣ ያ ቁጥር ደግሞ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች በሙሉ ከአንድ ቦታ የምንቆጣጠርበት ሶፍትዌር ውስጥ፣ በላፕቶፑ ስም ሥር። ስሙ ከዝርዝሩ ከተሰረዘ ቁጥሩም አብሮ ይሰረዛል፣ የጋሼ ሰይድ ድምፅም እዚያው እንደተቆለፈበት ይቀራል። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ ደወሉልኝና «ልጄ፣ የልጄ ልጅ አያቷ ሳያያት ተወለደች፣ ድምፁን እንኳ ትስማው፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አሉኝ። «በዚህ ሳምንት አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ሦስት ወር ሙሉ «በዚህ ሳምንት» አልኳቸው፣ እሳቸው አንድ ቀን አልተቆጡኝም፣ እኔ ግን ሥራ በዛብኝ እያልኩ ተኛሁበት። ላፕቶፑ ቢሮዬ ውስጥ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ባትሪው አብጦ ስለነበር አውጥቼ የጣልኩት እኔው ነኝ፣ ቻርጀሩም እሳቸው ቤት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

በዚያ ሰሞን ከዋናው ቢሮ አንድ የኤአይ ኤጀንት ከመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ጋር አገናኙ የሚል ትእዛዝ መጣ። ኤጀንት ማለት ሥራውን በሰው ቋንቋ የምትነግሩት፣ እሱ ደግሞ ራሱ ገብቶ የሚፈጽመው ፕሮግራም ነው። ማገናኘቱ በኮማንድ ላይን ነው፣ ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፣ አንድ ጥቁር መስኮት ትከፍታላችሁ፣ ትእዛዛችሁን እየጻፋችሁ ትሰጣላችሁ። ዓርብ ረፋድ ላይ ታግዬ ታግዬ አገናኘሁት፣ «ኮምፒውተሮቻችንን ቁጠር» ብለው አንድ ሳይስት ቆጠረልኝ፣ ደስ ከማለቱ የተነሳ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ ስድስት ወር ሙሉ ተከፍተው የማያውቁትን ለይልኝ አልኩት፣ አርባ አንድ ሆኑ። ዝርዝሩን ምሳ እየበላሁ አየዋለሁ፣ የጋሼ ሰይድን ቁጥር ገልብጬ ላፕቶፑንም ከሚሰረዙት አስወጣዋለሁ ብዬ፣ «እነዚህን 8 ሰዓት ላይ ሰርዛቸው» ብዬ ጻፍኩለትና የምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ስህተቴን አያችሁልኝ? የእኔ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፣ የእሱ ስምንት ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው፣ በእኛ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እሱ ደግሞ ድሮ አልፏል። ኤጀንቱም ሰዓቱ አልፎብኛል ብሎ በዚያችው ደቂቃ ጀመረ።

አንድ ጎርሼ ቀና ስል ጥቁሩ መስኮት ላይ «ተሰርዟል፣ ተሰርዟል፣ ተሰርዟል» የሚል ጽሑፍ ይወርዳል። «ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ፣ ማቆሚያውን ደበደብኩት፣ ወይ ፍንክች። አርባኛው ተሰርዟል አለ። ከዚያ ቆመ።

ቆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ ሰይድ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያስገቡት ደንብ ነበር፣ አንድ ኮምፒውተር ከመሰረዙ በፊት ሰው እየሠራበት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይመጣለታል፣ ባለቤቱም ይፈቅዳል ወይም ምክንያቱን ጽፎ ይከለክላል፣ «የሰው ዕቃ ሳይጠይቁ አይነካም» ይሉ ነበር። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ከሆነ ግን ማን ይጠየቃል፣ ዝም ብሎ ይሰረዛል። አርባዎቹ እንደዚያ ነው የሄዱት። አርባ አንደኛው ላይ ሲደርስ ግን ኤጀንቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህ መሣሪያ በሥራ ላይ ነው። ተጠቃሚውን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።»

ስሙን አየሁት፣ የጋሼ ሰይድ ላፕቶፕ ነው። በመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩ ዝርዝር ላይ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርታለች፣ እሷ የምትበራው ኮምፒውተሩ ሲከፈት ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ጭር ብሏል፣ ግማሹ ሠራተኛ ለጁምዓ ሄዷል፣ ግማሹ ምሳ ላይ ነው፣ ከመስጊዱ የኹጥባው ስብከት ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። በዚያ መሃል ከቁም ሳጥኑ ውስጥ እሽሽሽ የሚል ነገር ተነሳ፣ የላፕቶፕ ማራገቢያ ሲሽከረከር የሚያሰማው ዓይነት። አይጥ ናት አልኩ። ከዚያ ጠቅ አለ። ቆየት ብሎ ጠቅ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። ጋሼ ሰይድ ያን ሁሉ ዓመት ኮምፒውተር ላይ ኖረው በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ ስቄባቸው አላውቅም ብል ውሸቴን ነው።

መስኮቱ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ተጠቃሚው አልፈቀደም። የጻፈው ምክንያት፦ አብሽሪ።»

የያዝኩት ጉርሻ ጭኔ ላይ ወደቀ። «ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው?» ብዬ ጻፍኩ። «ቃሉ የእኔ አይደለም፤ ከመሣሪያው የደረሰኝ መልስ ነው። ሥራውን ልቀጥል?» አለኝ። «እንዳትነካው!» አልኩት።

ተነስቼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት ድምፁ ቆመ። ላፕቶፑ እንዳስቀመጥኩት አለ፣ ተከድኗል፣ ገመድ የለው፣ የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። በመዳፌ ነካሁት። ይሞቃል፣ እመኑኝ፣ ሰው ጭኑ ላይ አድርጎት ሲሠራበት እንደቆየ ይሞቃል።

ልሮጥ ነበር። ግን ዞር ስል ነጥቧ እንደበራች ናት፣ ቁጥሩም በስሙ ሥር አለ፣ ወረቀት ስቤ አርባ ስምንቱን አሃዝ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፣ እየገለበጥኩም ጮክ ብዬ «ጋሼ አፉ ይበሉኝ፣ እትዬ ሉባባን ሦስት ወር አስጠበቅኳቸው፣ አፉ ይበሉኝ» እላለሁ፣ ሰው ቢሰማኝ ወዴት እንደሚወስደኝ እንጃ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ናፍቆቴ ከፍርሃቴ በለጠብኝ፣ ትንሽ እንዲቆዩልኝ ሁሉ ፈለግኩ። የመጨረሻዋን አሃዝ ስጽፍ ነጥቧ ጠፋች።

በኋላ ዋናው ቢሮ ላለች ጓደኛዬ ስነግራት «ኤጀንት አንዳንዴ ከራሱ ይፈጥራል» አለችኝ፣ ሙቀቱን ደግሞ የኮምቦልቻ ፀሐይ ነው አለችኝ፣ ድምፁን ደግሞ አይጥ። እሺ አልኳት።

በዚያው ዓርብ ሳይመሽ ላፕቶፑን ይዤ እትዬ ሉባባ ቤት ደረስኩ። ልጃቸው ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቻርጀሩን ሰካሁ፣ ቁጥሩን አስገባሁ፣ ተከፈተ። ከተቀዳ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው አንድ መንዙማ ነበር፣ እሱን አስጀመርኩት። የጋሼ ሰይድ ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ እትዬ ሉባባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። መንዙማው አለቀና ዱዓው ላይ ደረሱ፣ ቤተሰቡን በየስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ፣ እትዬ ሉባባም መዳፋቸውን ዘርግተው ለእያንዳንዱ «አሚን» ይላሉ።

«ረምላንም አላህ ያሳድግልን» አሉ ጋሼ ሰይድ።

«አሚን» ብለው እትዬ ሉባባ ደነገጡ። «ረምላ ማን ናት?» አልኳቸው። በአገጫቸው ሕፃኗን አሳዩኝ። አራት ወሯ ነው፣ ስሟን ያወጡት በሰባተኛ ቀኗ የአባቷ እናት ናቸው። የፋይሉን ቀን ደግሜ አየሁት፣ ያኔ እንኳን ልትወለድ አልተፀነሰችም። «ስሟን ማን ነገረው ልጄ?» አሉኝ እትዬ ሉባባ እያለቀሱም ፈገግ እያሉም፣ የኮምፒውተር ሰው ነኝና አውቃለሁ ብለው።

ዱዓው ቀጠለ። «አንዋርንም» አሉ ጋሼ ሰይድ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አንዋር የሚባል ሰው የለም። እትዬ ሉባባ ልጃቸውን አዩዋት፣ ልጅቷ «ኧረ እኔን አትዪኝ፣ ከወለድኩ ገና አራት ወሬ ነው» አለች። ከዚያ እትዬ ሉባባ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉና ለእሱም «አሚን» አሉ።