የሐር ገመድ የማይይዘው አውሬ

በሐመልዳ መንግሥት የዘርማ ሐይቅ በጠራራ ፀሐይ ፈላ። ነፋስ አልነበረም፤ ደመናም አልነበረም። ውኃው ብቻ ከሥሩ ተንተከተከና ጢሱ ሰማዩን ሸፈነው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን እየጣሉ ሸሹ። በማግሥቱ በዳርቻው የነበረች አንዲት መንደር ከነቤቷ ከነከብቷ የለችም። ጀርባው እንደ ተራራ ሸንተረር የሚሄደው የሐይቁ አውሬ ደምሶር አንገቱን ከጥልቁ ቀና አድርጎ ነበር።

ደምሶርን ከጥንት ጀምሮ ያሰረው ብረት አይደለም፤ ገመድ ነው። የሐመልዳ ልጅ ሲጎረምስ፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ባዶ እጁን ከቤቱ ይወጣና ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ የማያውቀውን ሰው ያገለግላል። ከእያንዳንዱ ቤት ሲሰናበትም የቤቱ ጌታ በገዛ እጁ አንድ የቃጫ ክር ገመዱ ላይ ይገምድለታል። ያሳቀውም ይገምዳል፤ ያስለቀሰውም ይገምዳል። ዓመቱ ሲሞላ ያ ገመድ በአውሬው አንገት ላይ ይታከላል፤ አሮጌው ይበሰብሳልና።

ነገር ግን የንጉሥ አልማዶርን በኩር ልጅ በመንገድ ዓመቱ ወንዝ ወሰደው። አባትየው ሐዘኑ አንገበገበውና «ከእንግዲህ የማንም ልጅ ከቅጥር አይወጣም» ብሎ የከተማውን በር አስዘጋ። ለየጎረምሳውም በቤተ መንግሥት የሐር ገመድ ያስገምድለት ጀመር። ክፋት አልነበረበትም። ፍቅር ነበር፤ ፍቅርም ይሳሳታል።

ሐሩን የሚገምደው ሶርማ፣ አውሬው እንደ ቅቤ ያቀለጠውን ገመድ ይዞ በዙፋኑ ፊት ተንበረከከ። ከኋላው ልጁ ናርዳ ቆማለች፤ ገና መጎርመሷ ነው።

«ውፍረቱን ጨምር» አለ ንጉሡ።

«ያነሰው ውፍረት አይደለም፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ናርዳ።

ሶርማ ክርኗን ጎተተ። «አንቺ ልጅ! በማን ፊት እንደቆምሽ አታውቂም?»

«ዐውቃለሁ፣ አባባ።» ክርኗን ከእጁ አላቀቀች። «ይህ የእኔ ገመድ ነው ተብሏል። እኔ ግን የባዕድ ደጃፍ ጠርጌ አላውቅም። ተቆጥቶኝ የሚያውቅ ከአባቴ በቀር ሰው የለም። እኔ ያልኖርኩትን ሌላ ሰው ገምዶልኝ እንዴት አውሬ ልሰርበት? በሩን ያስከፍቱልኝ።»

«ልጄን የበላው መንገድ አንቺንም ይበላሻል!»

«ይብላኝ! ካልወጣሁማ ደምሶር ከነአልጋዬ ይበላኛል።»

ንጉሡ በትረ መንግሥቱን ወለሉ ላይ መታ። «በበኩሬ ነፍስ እምላለሁ፤ በሩ አይከፈትም!»

በሩ አልተከፈተም። ናርዳ የአባቷን የሐር ገመድ ከግንቡ ጫፍ አሰረችና ጎህ ሲቀድ ቁልቁል ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ፣ ከላይ ሌላ ሰው እየተንጠላጠለ ሲወርድ አየች። የንጉሡ ታናሽ ልጅ ኤርሞን ነበር፤ መጨረሻው ላይ እጁ ከዳውና በቂጡ ዱብ አለ።

«ስንቅ ይዘሃል?» አለችው።

«እ... ሎሌዬ ያመጣል ብዬ...»

«ሎሌህ የት አለ?»

ኤርሞን ወደ ግንቡ አሻቅቦ አየ። «ተኝቷል።»

ሳቋ መጣባት። «ተነሣ እንግዲህ። ዛሬ ሎሌው አንተ ነህ።»

የመጀመሪያው ቤታቸው የንዳድ በሽተኞች የሚያርፉበት የእትዬ ዛምራ ግቢ ነበር። ናርዳ በሽተኛ አጠበች፤ ቁስል አሰረች። አንድ ሽማግሌ እጇን እንደጨበጡ ሲያርፉ፣ ሩጪ ሩጪ ያላትን ልቧን ይዛ እስኪቀዘቅዙ ድረስ አልለቀቀቻቸውም። ምን እንደሚባል አላወቀችም፤ «ፈጣሪ ሆይ፣ አንተ ተቀበላቸው» አለች፤ በቃ። እትዬ ዛምራ ይህን አይተው ክሩን ሲገምዱላት እንባቸው ቃጫውን አራሰው።

ኤርሞን በጨው ነጋዴው በባላ ጎርሙድ ቤት ተቀጠረ። «በመልካው ዙር» ቢሉት በአቋራጭ ገብቶ አህያይቱን ከነጨዋ ውኃ ውስጥ ዘፈቃት። አህያይቱ ወጣች፤ ጨው ግን ጨው ነው፣ ሟሟ። ሊሸሽ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ገባና «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። በዕድሜው ብሎት አያውቅም። ባላ ጎርሙድ ሰድበው ሰድበው ሲደክማቸው ክሩን ገመዱለት። «ለጨዬ አይደለም፤ ላልዋሸው አፍህ ነው» አሉ።

በመጨረሻ ሁለቱ የኤርሞንን ወንድም የወሰደው ወንዝ ዳር ደረሱ። በዚያ ያገለገሏት ጀልባ ቀዛፊ ሰንዳ የምትባል ጉልበተኛ ሴት ነበረች፤ ኤርሞንንም ዋና ታለማምደው ጀመር።

«የንጉሥ ልጅ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው የምትሰምጠው!» እያለች ትስቅበት ነበር።

ኤርሞን ጠጣ፣ አስመለሰ፣ ተመልሶ ገባ። ዝናቡ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ታገለ። አንድ ጠዋት ግን ከወዲያኛው ዳር ብቅ ብሎ፣ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ ሳይለይ፣ እጁን አውለበለበ። ሰንዳም ክሩን ከሁሉ አጥብቃ ገመደችው።

ዓመቱ ሞልቶ ዘርማ ሲደርሱ ሐይቁ ይጮህ ነበር። በዳርቻው ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል። በጥንት ዘመን ገመድ ይዘው ላለመልቀቅ የማሉ ሰዎች ናቸው ይባላል፤ አብዛኞቹ ተሰባብረው አንድ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱ ገመዳቸውን ቀጣጠሉና ጫፉን ከቀረው ድንጋይ ላይ አሰሩ። ናርዳ ያንን የቃጫ ገመድ በደምሶር አንገት ላይ ወረወረች፤ አውሬው እንደ ሐሩ ሊያቀልጠው በእሳት ምላሱ ላሰው። ገመዱ ጨሰ፤ ግን አልቀለጠም!

ደምሶር በቁጣ ሳበ። የቀረው ድንጋይ ከወገቡ ተሰነጠቀ።

ኤርሞን የገመዱን ጫፍ በወገቡ ዙሪያ ጠምጥሞ በድንጋዩ ቦታ ቆመ።

«ልቀቀው! ኤርሞን፣ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን!»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሌላው ሲይዝልኝ ኖርኩ» አለ፤ እግሩ ከወዲሁ ግራጫ ድንጋይ ሆኗል። «ይቺን እንኳ እኔ ልያዝ እንጂ። በፈጠረኝ እምላለሁ፤ አልለቅም!» ድንጋዩ ደረቱ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። «ናርዳ፣ ለአባቴ ንገሪው። ወንዙን ዋኝቼዋለሁ።»

ደምሶር ወደ ጥልቁ ተመለሰ። ሐይቁም ጸጥ አለ።

ንጉሡ ሕዝቡን አስከትሎ ሲመጣ ናርዳ በድንጋዩ ሥር ተቀምጣ አገኛት።

«ልጄን ገደልሽው» አለ።

ተነሣች፤ ዓይኗን ግን ከዓይኑ ላይ አልነቀለችም። «አልገደልኩትም። በዚህ አንድ ዓመት አብሬው አደግሁ። ወንዙን ዋኝቼዋለሁ ብሎዎታል።»

ንጉሡ ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን አስደገፈበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሕዝቡ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ገመዱ ይበሰብሳል፣ ንጉሥ ሆይ» አለች ናርዳ። እንባዋ እየወረደ ነው፤ አልጠረገችውም። «ዘንድሮ የሚወጣ ልጅ ከሌለ ኤርሞን ብቻውን ይቀራል። በሩን ቢዘጉት እንኳ እኔ ልጆቹን ሁሉ በግንቡ አወርዳቸዋለሁ። ከፈለጉ ይስቀሉኝ።»

 ንጉሡ ግንባሩን ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ ወደ ከተማው ጉዞ ጀመረ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ከቅጥሩ ሲደርስ ዘበኞቹን በእጁ ገለል አደረጋቸው።

«በግንብ አይወርዱም» አለ፤ የበሩን መወርወሪያም በገዛ እጁ አነሣው። «በበር ይውጡ።»