በስድስት የሚያልቅ ታርጋ

«አባዬ፣ ይቺ ናት! ይቺን ግዛ!» ጆሱዌ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት መኪና የኋላ ወንበር ላይ ይዘላል። ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ግን ከወዲሁ የራሱ አድርጎታል።

ከአባቱና ከእህቱ ጋር ወደ መኪና መሸጫው የመጡት ለማየት ብቻ ነበር። አባታቸው ኦልማን ጠዋት ሲነሱ «ያገለገለች ትንሽዬ ነገር ትበቃኛለች» ብሎ ነበር። አሁን ግን አዲስ፣ ሰፊ የቤተሰብ መኪና አጠገብ እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል።

«ታርጋ የወጣላቸው፣ ዛሬውኑ የሚነዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይቺና ግራጫዋ» አለች ሻጯ ዮርሌኒ። «ግን ይቺ ጣሪያዋ ይከፈታል፣ ዶን ኦልማን።»

የአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ፋቢዮላ ታርጋውን አየች። የመጨረሻው ቁጥር ስድስት ነው። ታርጋው በአምስት ወይም በስድስት የሚያልቅ መኪና ረቡዕ ቀን ሳን ሆሴ ከተማ መሃል ዝር አይልም፤ ፖሊስ ይቀጣዋል። ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም።

ረቡዕ ደግሞ የአባታቸው ቀን ነው። ከእናታቸው ከተለያየ ወዲህ የሚኖረው ከከተማ ውጭ፣ አላሁዌላ ነው። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ሳን ሆሴ መሃል ወዳለው የእናታቸው ቤት መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ከመጣ ማለት ነው። ካለፉት ስድስት ረቡዖች ሦስቱን ቀርቷል። ሰበቡ ምንጊዜም አውቶቡስ ነው። ጆሱዌ ቦርሳውን ታቅፎ ደጃፍ ላይ ይመሽበታል። ፋቢዮላማ «የቤት ሥራ አለብኝ» እያለች ቦርሳ ማዘጋጀቱን ከተወች ቆየች።

ረስቶት ነው ወይስ አውቆ? ዝም ብትል፣ ከእንግዲህ ሰበቡን መንግሥት ራሱ ሊያዘጋጅለት ነው። ተናደደች። ደግሞም ዝም ብላ ልታየው ፈለገች። ለምን እሷ ታስታውሰዋለች? ራሱ ያስታውስ!

እስክሪብቶው የግዢ ውሉ ላይ አረፈ።

ጆሱዌ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ረቡዕ በዚቺ ነው የምትመጣው አይደል?»

«በዚቹ ነዋ፣ የኔ ጌታ!» አለ ኦልማን ቀና ሳይል።

ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ረስቶታል። ፋቢዮላ ይህ የሚሻል ይሁን የሚብስ አላወቀችም።

«አባዬ» አለች። «ታርጋውን አንብበው።»

«ምን ሆነ?»

«መጨረሻውን።»

አነበበ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አይ፣ ብዙ ደንበኞቻችን እኮ በዚያን ቀን ታክሲ ነው የሚይዙት» አለች ዮርሌኒ ፈጠን ብላ።

«አውቶቡስም አለ» አለች ፋቢዮላ።

ኦልማን ፋቢዮላን አያት። ከዚያ ወይን ጠጇን መኪና አያት፤ ጣሪያዋን፣ መሪዋን፣ እንደገና ጣሪያዋን።

እስክሪብቶውን ዘጋው። «ግራጫዋን አሳዪኝ።»

«ጣሪያዋ አይከፈትም እኮ!» ጆሱዌ ሊያለቅስ ደረሰ።

«በዘጠኝ ነው የምታልቀው። የምትታገደው ዓርብ ነው» አለ ኦልማን። ወደ ፋቢዮላ ጠጋ አለ። «አንቺስ፣ የኔ እናት? ረቡዕ ትመጫለሽ?»

«እናያለን» አለችው።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጆሱዌ እንደ ልማዱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ፋቢዮላ ከቁም ሳጥኑ ላይ ቦርሳዋን አወረደች፤ አቧራውን አራገፈች። ፒጃማዋንና የጥርስ ብሩሽዋን ከተተች። መንገዱ ላይ ግራጫ መኪና ገና አይታይም። ቦርሳዋን ከወንድሟ ቦርሳ አጠገብ አስቀምጣ፣ እሷም ተቀመጠች።