ዘጠነኛው ቁራጭ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው ነገረኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። በእኔ ቤት፣ በእኔ ግቢ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት ነው የሆነው።

ጎባ። ታኅሣሥ 1971 ዓ.ም.። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

የቤቴ በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነበር...

በሩን ልብ በሉልኝ። የብረት መቀርቀሪያ ነበረው። ከውጭ ሆኖ የሚከፈትበት ቀዳዳ አልነበረውም።

ባለቤቴ ጎሹ ይባላል። አለማያ ተምሮ የመጣ የእርሻ መምህር ነበር። እኔም መምህርት ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባሌ ክፍለ ሀገር ስመደብ ዘመዶቼ "ያንን ብርድ እንዴት ትችዪዋለሽ?" ብለው አዘኑልኝ። ጎሹን ካገባሁ በኋላ ብርዱን ረሳሁት።

ስለ እሱ ሁለት ነገር ብቻ እነግራችኋለሁ። ሌላው ለእኔ ይቆይ።

አንደኛው... ከክፍል መጨረሻ የሚወጣው ሁልጊዜ እሱ ነበር። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስወጥቶ፣ በሩን ራሱ ይዘጋል።

ሁለተኛው... እኔ ስተኛ ልብስ እገፋለሁ። እሱ ሌሊት ይነሳና ጋቢውን ይደርብልኛል። ጫፉን ከእግሬ ሥር ይጠቀጥቀዋል። ጋቢው የእሱን ጠረን ይዟል፤ ጠመኔና ጤና አዳም። ከደረት ኪሱ የጤና አዳም ቅጠል አይጠፋም ነበር።

በጥር 1970 ወሰዱት። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።

"ለጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳል" አሉኝ።

ጋቢውን ይዤ ተከተልኩት።

"ተዪው" አለኝ ዞር ብሎ። "ሌሊት ልብስ የምትገፊው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ያሰሩት ከከተማው ጫፍ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። እስረኛ ማየት ክልክል ነበር። ስንቅ ማቀበል ግን ይፈቀዳል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባለ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ለዘበኛው እሰጣለሁ። ማታ ስመለስ ባዶውን እቀበላለሁ።

በዚያ ዘመን የእስረኛ ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር። ምሳ ዕቃው ባዶ ከተመለሰ ሰውሽ አለ። ዘበኛው "ከነገ ጀምሮ አታምጪ" ካለሽ ግን... አለቀ። ለቅሶ የለም። ድንኳን የለም። ጥቁር መልበስ እንኳ ያስጠይቃል።

እኔም የምኖረው ለዚያ ባዶ ምሳ ዕቃ ነበር።

በየካቲት አንድ ማታ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው የታችኛው ድርብ ባዶ አልነበረም።

አንዲት ቁራጭ እንጨት... ስንዝር የምታህል።

ተራ እንጨት አይደለችም። ለተከላ የተቆረጠች ናት። ሁለት አንጓ አላት። የላይኛው ጫፏ ቀጥ ብሎ፣ የታችኛው በሰያፍ ተቆርጧል። ይህን አቆራረጥ አውቀዋለሁ። ጎሹ ተማሪዎቹን ሲያስተምር "ሰያፉ ወደ አፈር ነው፤ ዘቅዝቃችሁ እንዳትተክሉብኝ!" ይል ነበር።

ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት።

አለ። በሕይወት አለ። "ትከይ" እያለኝ ነው።

በማግስቱ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት፣ አጥሩ ሥር ተከልኳት።

በመጋቢት ሁለተኛዋ መጣች። በሚያዝያ ሦስተኛዋ። በወር አንድ፣ በወር አንድ... መስከረም ሲጠባ ስምንት ሆኑ።

ጎረቤቴ እማማ ጤቤ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ያዩኝ ነበር።

"ኢንተላ ኮ፣ የምን ችግኝ ነው?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"ጎሹ የላከልኝ ነው፣ እማማ።"

"አይ የእኔ ዕድል! ያንቺው ታስሮ ችግኝ ይልካል። የእኔው ሽማግሌ ደጃፍ ተቀምጦ ውሃ አያቀብለኝም!"

ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

ቅጠሉ ሲሰፋ ግን የእሳቸው ሳቅ ጠፋ።

"አወቅሁት" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነጭ አበባ አለው። እንደ ጡሩንባ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ቀን ዝም፤ ሲመሽ ነው የሚሸተው። ሽታውስ ደስ ይላል... ግን መኝታ ቤት አጠገብ አይተከልም። ሰው ያቃዣል።"

"እኔ ድሮም እቃዣለሁ፣ እማማ።"

እጃቸውን በአጥሩ አሾልከው ራሴን ዳበሱኝ።

እንግዲህ እናንተም "አበባው አቃዥቷት ነው" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዙ ዓመት እንዲያ ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ።

መጀመሪያ ያሳሰበኝ ቁመታቸው ነው። በየካቲት የተከልኩትና በመስከረም የተከልኩት እኩል ነበሩ። በገመድ ለካኋቸው።

የጣት ልዩነት የለም።

ከዚያ በጥቅምት አንድ ማታ፣ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ፈኩ።

ሰዓቴን አየሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል...

ሽታው ግቢውን ሞላው። ከሩቅ ሲሸት ጣፋጭ ነው። ቀረብ ስል ግን ከጣፋጩ ሥር ሌላ ሽታ አለ።

የመጀመሪያው አበባ የመኪና ዘይት ይሸታል።

ሁለተኛው ለጋ ቅቤ።

ሦስተኛውና አራተኛው አዲስ ደብተር... ገና ያልተጻፈበት።

አምስተኛው ሲጋራ።

ምን እንደፈለግኩ ታውቃላችሁ። አፍንጫዬን ከአበባ አበባ እየከተትኩ፣ እንደ እብድ፣ በዚያ ብርድ በባዶ እግሬ ጠመኔና ጤና አዳም ፈለግኩ። ስምንቱንም አሸተትኩ። ደግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የለም።

በስምንቱ ውስጥ ሰው አለ። የእኔ ሰው ግን የለም።

በማግስቱ ማታ በመስኮት ስመለከት አበቦቹ ቁልቁል አልተንጠለጠሉም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እኔ መስኮት ዞረዋል። ሁሉም በአንድ ከፍታ... የቆመ ሰው አፍ በሚደርስበት ከፍታ።

ሊናገሩ አፋቸውን የከፈቱ ይመስላሉ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው በጣውላው ስንጥቅ ገባ።

በጥቅምት ቁራጭ አልመጣም። በኅዳርም አልመጣም። ምሳ ዕቃው ግን ባዶውን ይመለሳል። እንቅልፍ አጣሁ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ይጠፋብኛል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ቢያዝ ሊያስገድለኝ የሚችል ነገር አደረግኩ። በብጫቂ ወረቀት ሁለት ቃል ጽፌ ከታችኛው ድርብ፣ ከቂጣው ሥር ሸጎጥኩት።

"የትኛው ነህ?"

በዚያው ማታ ዘበኛው ማሜ በእስር ቤቱ በር ላይ ብቻውን ይጠብቀኝ ነበር። ወጣት ነው፤ ዘወትር ዓይን ለዓይን አያየኝም። ወረቀቴ በመዳፉ ውስጥ ነው።

"እትዬ... ይህን እርስዎ ነዎት የጻፉት?"

"አዎ።"

"ለማን?"

"ለባለቤቴ ነዋ!"

ግራ ቀኙን አየ።

"ከነገ ጀምሮ..." አለ። "ከነገ ጀምሮ አያምጡ።"

አጥሩን ያዝኩ።

"መቼ?"

ወረቀቱን መዳፉ ውስጥ አጣጠፈው።

"ማሜ። መቼ?"

"የመጣ ለት።"

"እንዴት የመጣ ለት? አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስንቅ አቀብዬ የለም እንዴ?"

"የመጣ ለት ሌሊት ነው፣ እትዬ።"

"ምግቡን ማን በላው?"

አንገቱን ደፋ።

"ልጆች አሉኝ" አለ በሹክሹክታ። "ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል... ባዶውን ሲቀበሉ ፊትዎ ይበራ ነበር። ወላሂ፣ አፌ እምቢ አለኝ።"

ልመታው እጄን አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ሌላ ጥያቄ ነበረኝ።

"ቁራጮቹንስ ማን ይጨምር ነበር?"

"የምን ቁራጭ?"

"የአበባውን! በየወሩ ከምሳ ዕቃው ሥር!"

ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን አበባ...? ነጩን? ማታ የሚሸተውን?"

"አዎ።"

መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፋለሁ።

"ከባለቤትዎ ጋር ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ነው... አለቃችን ሽታውን እንዲሸፍን ይህ አበባ ይተከልበት አለ። ቁራጮቹን የቆረጠው ባለቤትዎ ነው። በዚያው ማታ፣ በፋኖስ። የግቢ ማሳመሪያ ነው አልነው። ዘጠኝ ቆረጠ። እየሳቀ 'ዘቅዝቃችሁ እንዳትተክሉ' አለን..."

"ከዚያስ?"

"በላያቸው ላይ ተከልነው። አልጸደቀም። በየወሩ አንድ አንድ ይጠፋል። የነቀለው ሰው አላየንም። ቀዳዳው ብቻ ይቀራል። አፈሩ ደግሞ... ከሥር ወደ ላይ የተገፋ ነው የሚመስለው።"

"እነማን ነበሩ?"

"አንድ የጭነት መኪና ሾፌር። ቀለሟ የምትባል የጊኒር ቅቤ ነጋዴ። ሁለት ተማሪዎች..."

የመኪና ዘይት። ለጋ ቅቤ። አዲስ ደብተር፤ ሁለት።

ስለ ሽታው ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ስንቱ ጠፋ?" አልኩት።

"ስምንቱ። ዘጠነኛው ደርቆ እዚያው ቆሞ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ሄጄ ሳይ..."

ምሳ ዕቃውን አቀበለኝ።

"ባዶ ነው" አለ። "በእጄ አጥቤ ነው የዘጋሁት።"

ስቀበለው ውስጡ አንድ ነገር ተንከባለለ። ብረቱን ኳ... አደረገው።

ሁለታችንም ሰማነው። ማሜ ወደ ኋላው እየሄደ ጨለማው ውስጥ ገባ።

ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት።

ሁለት አንጓ። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ። ከተቆረጠች አሥራ አንድ ወር የሆናት ቁራጭ፣ አሁን የተቆረጠች ይመስል ጫፏ ላይ ውሃ ያቀረረባት።

ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት።

ጠመኔና ጤና አዳም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስምንቱን ሁሉ አስቀድሞ አስወጥቷል። ከክፍል መጨረሻ የሚወጣው ሁልጊዜ እሱ ነበር...

አላለቀስኩም። ማልቀስ ክልክል ነው። እንደዚያ ለምጄ ነበር።

ውጭ እማማ ጤቤ ይጣራሉ። "ኢንተላ ኮ! ሰማዩን አየሽው? ዛሬ ከሳነቴ ተራራ ውርጭ ይወርዳል! ተክልሽን አልብሺ!"

በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ውርጭ በሚወርድበት ማታ ሰው ችግኙን በጆንያ፣ በጭድ፣ ባገኘው ያለብሳል። እኔም ጆንያ ነበረኝ። ለስምንቱም ይበቃ ነበር።

አላወጣሁትም።

ይህን ነው ለማንም ተናግሬ የማላውቀው። ያን ማታ ለእነሱ ልብ አልነበረኝም። ሚስት አላቸው፣ እናት አላቸው፣ እንደ እኔ ምሳ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው አላቸው። አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የምፈልገው።

ዘጠነኛዋን ቁራጭ ለብቻዋ፣ ከበሩ አጠገብ ተከልኳት። ሰያፉን ወደ አፈር። ጋቢውን በላይዋ ጎጆ አስመስዬ አለበስኳት። ዳሩን በድንጋይ ያዝኩት።

"እንዳይበርድህ" አልኩት።

ስምንቱ አበቦች በዚያ ማታ አልፈኩም። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነበር።

ገባሁ። በሩን ቀረቀርኩ። መቀርቀሪያው ሲገጥም ድምፁን ሰምቻለሁ። እንደ ወትሮዬ ልብስ ገፍቼ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ብርድ አይደለም።

ሙቀት ነው።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል...

ጋቢው ላዬ ላይ ነበር። ዳሩ በውርጭ ደርቆ እንደ ጣውላ ተገትሯል። ከውስጥ ግን ሰው ለብሶት ያደረ ያህል ይሞቃል።

ጫፉ ከእግሬ ሥር ተጠቅጥቋል።

ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀስኩም። "ጎሹ" አልኩ። ተነሳሁ።

በመስኮቱ አየሁ። ስምንቱም በውርጭ ጠቁረዋል። አንገታቸው ተሰብሯል። የሾፌሩ። የቀለሟ። የልጆቹ... ዳሩን የያዝኩባቸው ድንጋዮች እንዳስቀመጥኳቸው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ቁራጯ የለችም። ቀዳዳ ብቻ አለ። አፈሩ ከሥር ወደ ላይ ተገፍቷል።

ከቀዳዳው እስከ ቤቴ በር ያለው ሣር በውርጭ እንደነጣ ነው። የረገጠው የለም።

ወደ በሩ ሄድኩ። መቀርቀሪያው እንደዘጋሁት ነበር።

ላዩ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የአምስት ጣት ነጭ ምልክት አለ።

ውርጭ መሰለኝ። እስኪቀልጥ ጣቴን አሳርፌ ጠበቅኩ...

አልቀለጠም።

ጠመኔ ነበር።