ድንቢጦቹ የልጄን ፀጉር የወሰዱበት

የጂን ወሬ ሰምተው ከሚደነግጡት ሴቶች አልነበርኩም፣ ገበያ ላይ እህል ሻጮቹ እንዲህ ያለ ነገር ሲያነሱ «እስቲ ተዉን፣ ሰው ራሱ መች አነሰን» ብዬ አፍ የማስይዛቸው እኔ ነበርኩ፣ አሁንም ያየሁትን እንጂ ያላየሁትን አልጽፍም። ያን ሐሙስ ግን ከገበያ ስመለስ ልጄ መኪያ ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር፣ ዝናብ እየወረደባት አንገቷን ደፍታ ቆማ አገኘኋት፣ ድንቢጦቹ ራሷ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ሞልተዋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ወላሂ ደስ አለኝ፣ እንዲህ ለመዷት ብዬ። ጠጋ ስል አንዷ ድንቢጥ እግሯን የልጄ ግንባር ላይ ተክላ አንድ ፀጉር ትጎትታለች፣ ነቅላ በረረች፣ ሌላዋ ተተካች፣ እሷም ነቅላ በረረች፣ ተራ ይዘው ነበር። ልጄ ደግሞ ፈገግ ብላለች፣ ቅንድቧ እንኳ አይነቃነቅም። የሰው ፀጉር ከሥሩ ሲነቀል እኮ ያማል!

ልጄን ሊወስዱብኝ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቤታችን ጅሬን ነው፣ ዳገቱ ላይ፣ ከጓሯችን ቀጥሎ የጎረቤታችን የአባ ፊጣ ቡና ነው፣ ቡናው ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ጉድባው ጋ ያበቃል። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፣ እኔ ኑግና ተልባ እየሸጥኩ ነው መኪያን ያሳደግኳት፣ ከሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ታዲያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር ቤት ውስጥ ተከተተች፣ ጓደኞቿ ሲመጡ «ተኝታለች በያቸው» ትለኛለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፣ አራት ወር ሙሉ ሳቋን አልሰማሁም። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ልጅ ስታለቅስ ይሻላል፣ ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው።

አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ መጣች።

«እማ፣ ኑግ አለሽ?»

«የኑግ ነጋዴ ቤት ተቀምጠሽ?»

«ለወፍ ነው።»

ለካ ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ድንቢጦችን ወደ ግቢዋ እንዴት እንደምትጠራ አይታ ነው። «የሚሰጧቸው እኮ ኑግ ነው እማ፣ የኛው ኑግ!» አለችኝ፣ ዓይኗ በርቶ። የውሃ ፕላስቲክ ጎኑን በጋለ ሚስማር በሳሳች፣ ሁለት የእንጨት ማንኪያ አሻግራ ሰካችበት፣ እንዲቆሙበት፣ ኑግ ሞልታ በሽቦ አቮካዶው ላይ ሰቀለችው። ሦስት ቀን ማንም አልመጣም፣ በአራተኛው ቀን አንዲት ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ ያላት ሰማያዊ ድንቢጥ መጥታ አንድ ፍሬ ቀምሳ ሄደች፣ በማግስቱ አምስት ሆነው መጡ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዛፉ ተወረረ። መኪያ ሙያ ተማረች፣ ዝናብ ያገኘው ኑግ ይሻግታል ብላ በየጠዋቱ ትደፋና ደረቅ ትሞላለች፣ ውሃ በሳህን ታስቀምጣለች፣ ድመት እንዳይዘል ፕላስቲኩን ከግንዱ ራቅ አድርጋ ወደ ጫፍ ወሰደችው። እኔም ገበያ ስውል የወደቀውን ጠርጌ አመጣላታለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ከጥርጊው ጋር ደህናውንም እቀላቅላለሁ፣ ወፍ ማብላት ሰደቃ ነው።

አባ ፊጣ አጥር ላይ ተደግፈው ያሾፋሉ። «ሃዳ መኪያ» ይሉኛል፣ የመኪያ እናት ማለታቸው ነው፣ «ልጅሽ ሆቴል ከፈተች አሉ፣ ለኔስ አልጋ ይገኝ ይሆን?»

«ምንቃር ሲያበቅሉ ይምጡ አባ ፊጣ!» አለች መኪያ ከውስጥ፣ ሳቀችም። እኔ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ በዚህ ሳቅ ምክንያት ነው ጥፋቱን ያጠፋሁት፣ ከሌላ አይደለም። አንድ ቀን «እማ፣ ጎጆ እንዲሠሩ ጥጥና ፀጉር ይወዳሉ፣ ስልኩ ላይ አየሁ» አለችኝ። እናቴ የተበጠረ ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም ትል ነበር፣ ወፍ ከወሰደው የባለቤቱ ራስ አይረጋም ትል ነበር፣ እኔም ባላምንበትም በልማድ በሂና የቀላውን የራሴን ፀጉር ስበጥር የሚወጣውን በወረቀት ጠቅልዬ ጓሮ እንሰቱ ሥር እቀብራለሁ። ግን ልጄ እየሳቀች ነው፣ ምን ልበላት? ራሷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ አበጠርኳት፣ ሚዶው ላይ የቀረውን ሰብስቤ ሽቦው ላይ ጠመጠምኩላቸው። በዚህ እጄ።

በደቂቃ አለቀ። የሚገርመው ደግሞ ፀጉር የያዙት ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ነው የሄዱት፣ ቁልቁል ወደ ጉድባው፣ እንደ ክር ተሰልፈው። ሌላ ጊዜ ወፍ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አይደለም የሚበረው? አባ ፊጣን «ቡናዎ ውስጥ የድንቢጥ ጎጆ አለ?» ብላቸው «አንድም የለም፣ እኔም ገርሞኛል» አሉኝ።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ። ከአስር ሶላት በኋላ፣ ንፋስ በሌለበት፣ ከታች ሽሽሽ፣ ሽሽሽ የሚል፣ ሰው ኑግ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት። እኔ በዚህ ድምፅ ነው ያረጀሁት፣ አልሳሳትም። «ማነው እዛ ታች የሚነፋው?» አልኩ።

«እየሠሩ ነው» አለች መኪያ፣ ስልኳን እንኳ ትታዋለች፣ መስኮቱን ነው የምታየው።

«ምኑን?»

«ቤቱን ነዋ። ቡና ለቀማ ሳይጀመር ሊጨርሱ ቸኩለዋል።»

ልጅ ናት፣ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ምግብ ሳቀርብላት ግን «በልቻለሁ» ማለት አመጣች፣ መቼ? ምኑን? ሻሿን ላጥብ ብዬ ስፈታው ጫፉ ላይ ኑግ ቋጥራለች፣ ጥሬ ኑግ፣ ግማሹ የተበላ። ክንዷን ስይዛት ቀለለችኝ። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ብዬ ነበር፣ ዓርብ እወስዳታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር ሐሙስ ገበያ የወጣሁት፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቃዬን አስቀምጬ ቀድሜ ተመለስኩ፣ አልሃምዱሊላህ ቀድሜ ተመለስኩ።

የፀጉሯን መነቀል ሳይ ጮህኩ፣ ድንቢጦቹ አልደነገጡም፣ በእጄ ነው የጠረግኳቸው፣ አንዷን ሳነሳት ልቧ መዳፌ ውስጥ ይመታ ነበር፣ እንደማንኛውም ወፍ። ልጄን ጎትቼ ቤት አስገባኋት፣ መሃል አናቷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተገልጧል፣ ደም ነጠብ ነጠብ ብሏል።

«ምን እያደረግሽ ነው? አያምሽም?»

«አያመኝም እማ፣ ትንሽ ነው የጎደላቸው፣ ትራስጌው ጋ።»

ፎጣ ላመጣ ጓዳ ገባሁ፣ ይህን ያህል ነው፣ ገብቼ ወጣሁ፣ የለችም። የጓሮው በር ተከፍቷል፣ ነጠላ ጫማዋ ቡናው መግቢያ ላይ አለ። «መኪያ! ኢንተላ ኮ! ልጄ!» እያልኩ በጭቃው ቁልቁል ተንሸራተትኩ፣ ሽሽሽታው ከፊቴ ነው፣ እየቀረብኩ ስሄድ እየቀነሰ ሄደ፣ ጉድባው አፍ ላይ ስደርስ ጭራሽ ቆመ። ልጄን ከጀርባዋ አየኋት፣ ቆማ ቁልቁል ታያለች።

አሁን የምጽፈውን እመኑኝ። ከሁለት የቡና እግሮች መሃል መሬቱ ላይ ጎጆ አለ። የወፍ ጎጆ፣ ግን ቁመቱ የልጄ ቁመት ነው። ሳሩ ድንቢጥ በምንቃሯ የምትይዘው ዓይነት ቀጭን ነው፣ እኔ ስፌት አውቃለሁ፣ አንድ ቋጠሮ የለውም፣ ጣት አያስገባም፣ ሰው እንዲህ ልሥራ ቢል ዓመት አይበቃውም። ራስ የሚያርፍበት ከፍ ብሏል፣ ወገብ ጋ ጠበብ ብሏል፣ ውስጡ በጥጥና በጥቁር ፀጉር ተለብጧል። እጄን ሰደድኩበት፣ ለምን እንደሰደድኩ አላውቅም፣ ዝናቡ እየወረደ ውስጡ ደረቅ ነበር። ይሞቃልም።

ከጎኑ ሌላ ተጀምሯል። አጠር፣ ሰፋ ያለ፣ ግማሹ ብቻ። የሱ ውስጥ ደግሞ ቀይ ፀጉር ነው፣ የሂና ቀይ፣ እንሰቱ ሥር በወረቀት ጠቅልዬ የቀበርኩት።

«ያ… ያኛው ምንድነው?» አልኩ።

መኪያ ዞር ብላ አየችኝ፣ ፍቅር ባለው ዓይን ነው ያየችኝ፣ ይህን መደበቅ አልችልም። «ያንቺ ነዋ እማ። ትቼሽ የምሄድ መስሎሽ ነው?» አለችና አንድ እግሯን ወደ ጎጆው አነሳች።

ወገቧን አቀፍኳት። ቀና ስል ቡናው ሁሉ ድንቢጥ ነው፣ ከቅጠሉ ወፉ ይበዛል፣ አንድም አይጮህም፣ ሁሉም እኛን ያያሉ። ቁጣ አላየሁባቸውም። እንግዳ ጠርተው እንግዳው እንቢ ያላቸውን ሰዎች ነው የሚመስሉት። «አትቀየሙኝ» አልኩ፣ ወፍ ነው የማናግረው እንግዲህ፣ «አትቀየሙኝ፣ ያለችኝ እሷ ናት።» ልጄን ይዤ ወደ ኋላ ስራመድ መንገዱ ላይ የነበሩት እየዘለሉ ገለል አሉልኝ።

አባ ፊጣ ጩኸቴን ሰምተው እየወረዱ ነበር፣ እኛን አዩ፣ ከኋላችን ያለውን አዩ፣ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ውሰጃት» አሉኝ፣ «ቤትም አትግቢ፣ እንዲሁ ውሰጃት።» ኋላ ሰው ልኬ ያዩትን ሳስጠይቃቸው «ዓይኔ ደክሟል፣ ምንም አላየሁም» ብለው መለሱ፣ ግን ዘንድሮ ቡናቸው ተለቅሞ ሲያልቅ ጉድባው አጠገብ ያሉትን እግሮች ሳያስለቅሙ ተዉአቸው፣ ቀዩ ፍሬ እዛው ላይ ደርቆ ቀረ ይላሉ። የኔን ጎጆ ጨርሰውት ይሁን፣ በግማሽ ትተውት ይሁን፣ የሚነግረኝ አጣሁ፣ ሄጄም አላየሁም።

መንገድ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ ባዶ እግሯን አየና «ማዘር፣ ልጅቷ ጫማ የላትም እኮ» አለኝ።

«ንዳ ልጄ፣ አወቱ መንደራ፣ እህቴ ቤት፣ ንዳ ብቻ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ጣራው ሸራ ላይ ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰማዩን አየ፣ «ቆሟል አይደል እንዴ?» አለ። እኔ መኪያን ጡቴ ላይ አጥብቄ ቁል ሁወላሁ አሃድን እደጋግማለሁ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ሰው የበዛበት አስፋልት ስንገባ ጠብታው አንድ ባንድ እየተነሳ ሄደ፣ እንደዛ ነው የምለው፣ እየተነሳ ሄደ።

እህቴ ዘሃራ በሩን ከፍታ «ምነው፣ ዝናብ የመታት ዶሮ መሰላችሁ!» ብላ ልትስቅ ጀመረች፣ የመኪያን አናት ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። «ማነው እንዲህ ያደረጋት? ማል ታቴ፣ ምን ሆነች? ተናገሪ እንጂ!»

«መጀመሪያ በሩን ዝጊው» አልኳት።

ዘጋችው፣ መስኮቱንም ዘጋችው፣ ግቢዋ ሲሚንቶ ነው፣ ዛፍ የለውም። ሙቅ ውሃ አመጣች፣ የልጄን ራስ በጨርቅ ነካ ስናደርገው መኪያ ጮኸች፣ «አመመኝ! እማ፣ አመመኝ እኮ!» ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች፣ እኔም ዘሃራም አቅፈናት አለቀስን፣ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ሾርባ ጠጣች፣ ደገመች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፣ «ቅር ይላቸው ይሆን?» አለች፣ ብርድ ልብሱን አለበስኳት።

ክፉ ነበሩ ለማለት እስከዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም፣ ደግ ነበሩ ለማለትም እፈራለሁ። ያን ቀን ግን በሩ ተቆልፎ፣ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ የልጄ እጅ እጄ ውስጥ ሞቆ፣ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ደርሰናል፣ ሁለታችንም ደህና ነን።